ቅጹ ላይ ያለችው አንዲት መስመር

(ለመምህራንና ለቋንቋ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን አመሻችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ዓለም ትልልቅ ቋንቋዎች እንድናገር ነው። ወደ እንግሊዝኛና ወደ ቻይንኛ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ግቢ ይዣችሁ ልግባ።

ጊዜው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ። እኔ ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ወጣት ነበርኩ። የቆጣሪነት ሥልጠና ወስጄ፣ ቅጾቼን በቦርሳ ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ቤት እዞራለሁ። አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። አባወራው በረንዳ ላይ ዱካ ሰጥተው አስቀመጡኝ፤ ቡና እየተቆላ ነበር። ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ እያልን ወርደን «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» የምትለዋ መስመር ላይ ደረስን።

«ጉራጊኛ» አሉኝ ስለ ራሳቸው። ጻፍኩ።

«የባለቤትዎስ?»

«ወላይትኛ።» ጻፍኩ።

«የልጆቹስ?»

«ጉራጊኛ ነዋ! የማን ልጆች መሰሉህ?»

ሦስቱ ልጆች እዚያው ፊታችን ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። «ረገጥሽ!» «አልረገጥኩም!» «እግዜርን በይ!» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ሁሉም በአማርኛ። እናትየው ቡናውን እያመሱ ዝቅ ባለ ድምፅ «እነሱ እኮ ጉራጊኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም» አሉ። አባትየው አልተቆጡም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ አንተ ያልኩህን ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ቆጣሪ ዳኛ አይደለም፤ መልስ ሰጪው ያለውን መመዝገብ ነው ሥራው። ሦስቱ ልጆች በዚያች ቀን ጉራጊኛ ተናጋሪ ተብለው ወደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሄዱ። አባትየው ዋሹ ብዬ አላውቅም፣ ዛሬም አልልም። ጥያቄዋ ለእሳቸው የደረሰቻቸው «ልጆችህ የማን ናቸው?» ሆና ነው፤ ለእሱ ደግሞ እውነተኛውን መልስ ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ «የዓለም አሥር ትልልቅ ቋንቋዎች» የሚል ሰንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ያ በረንዳ ትዝ ይለኛል። የቁጥሩን ሥር ተከትላችሁ ብትወርዱ መጨረሻ ላይ የምታገኙት አንድ ሰው ለአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስለ ሌላ ሰው፣ የሰጠውን መልስ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ይህ ነው፦ የተናጋሪ ቁጥር የጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው ምን እንደነበር ሳታውቁ መልሱን አትቀበሉ።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንምጣ። በብዛት የሚጠቀሰው ኢትኖሎግ የሚባለው የዓለም ቋንቋዎች መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀመር 46 ቋንቋዎችን ብቻ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ከ7,100 በላይ መዝግቧል። በእሱ አቆጣጠር በጠቅላላ ተናጋሪ አንደኛው እንግሊዝኛ ነው፤ 1.5 ቢሊዮን ገደማ። ሁለተኛው የቻይናው ማንደሪን ሲሆን ከ1.1 ቢሊዮን በላይ ነው። ከዚያ ሂንዲና ስፓኒሽ ይከተላሉ።

ጥያቄውን «ከሕፃንነትህ የተናገርከው ቋንቋ የቱ ነው?» ብለን ብንለውጠው ግን ሰንጠረዡ ይገለባበጣል። እንግሊዝኛ ከ400 ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ማንደሪን አንደኛ ይወጣል፣ ስፓኒሽም እንግሊዝኛን ይቀድማል። አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት፣ አንድም ሕፃን ሳይወለድ፣ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ እንግሊዝኛ ከሚናገሩ አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ የተማሩት ናቸው፤ እናንተና እኔም እዚያ ውስጥ ነን። እኛን ማን ቆጠረን? «ተናጋሪ» የሚያሰኘውስ ምን ያህል ሲችሉት ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ለቆጠራ ባወጣው የመመሪያ ሐሳብ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለይቷል። አንደኛው ሰውየው ሕፃን ሳለ ቤቱ ውስጥ ይነገር የነበረው ቋንቋ ነው። ሁለተኛው አሁን በብዛት የሚናገረው ነው። ሦስተኛው የተወሰኑ ቋንቋዎችን መናገር መቻሉ ነው። ያን ዕለት በረንዳው ላይ ሦስቱንም ብጠይቅ ኖሮ ለእናትየው ወላይትኛ፣ ከዚያ አማርኛ፣ ከዚያ ወላይትኛም አማርኛም ምናልባት ጉራጊኛም እጽፍ ነበር። የነበረችኝ መስመር ግን አንዲት ነች። አብዛኛው አገርም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይጠይቅና፣ የተለያዩ አገሮች የተለያየ ጥያቄ መልሶች አንድ ላይ ተደምረው የዓለም ሰንጠረዥ ይሠራባቸዋል።

«መቻል» የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል እንደሚለጠጥ አየርላንድ በደንብ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ቆጠራ አይሪሽ መናገር እችላለሁ ያለው ሰው 1,873,997 ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 71,968 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ቅጽ የወጡ ናቸው። የአባቶቹን ቋንቋ በትምህርት ቤት ተምሮ፣ ጥቂት ቃል ይዞ የወጣ ሰው «እችላለሁ» ሲል ፍቅሩን ጭምር ነው የሚናገረው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

ሕንድ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቆጠራን ፈተና እንደ ሕንድ ገልጦ የሚያሳይ አገር አላየሁም፤ ከሕዝቧ የተሰጣትን መልስ በዝርዝር ለሕዝብ ታወጣዋለችና።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ሕዝቡ «የእናት ቋንቋዬ» ብሎ የሰጠው ስም ሲለቀም 19,569 ሆነ። አንዱ የቋንቋውን ስም ይናገራል፣ ሌላው የመንደሩን፣ ሌላው የነገዱን፤ አንዱን ቋንቋ አሥር ሰው በአሥር ዓይነት ይጠራዋል። የቆጠራው መሥሪያ ቤት የቋንቋ ባለሙያዎች ይህን ክምር አጣርተው 1,369 የእናት ቋንቋዎች አደረጉት። ከዚያ ተቀራራቢዎቹን አቧድነው፣ ቢያንስ 10,000 ተናጋሪ ያላቸውን ወስደው 121 ቋንቋዎች አሉ። ከ121ዱ ውስጥ በሕገ መንግሥቱ የቋንቋዎች ዝርዝር፣ በስምንተኛው አባሪ ላይ የሰፈሩት 22 ናቸው። ከ19 ሺህ ስም ተነስቶ 22 ላይ በሚደርሰው መንገድ ላይ ብዙ ሰው ስሙ ተቀይሮ አልፏል።

ሂንዲ በዚያ ቆጠራ 528 ሚሊዮን ተናጋሪ ተባለ፤ ከሕዝቡ 43.6 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩን ፈልፍለን ስናይ ግን ራሳቸው በአፋቸው «ሂንዲ» ያሉት 322 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከ200 ሚሊዮን የሚበልጡት ሌላ ስም ሰጥተው፣ ሂንዲ ሥር የተመደቡ ናቸው። ቦጅፑሪ ያሉት ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ራጃስታኒ ያሉት ወደ 26 ሚሊዮን፣ ቻቲስጋርሂ ያሉት 16 ሚሊዮን፣ ማጋሂ ያሉት ወደ 13 ሚሊዮን ይደርሳሉ። መጠኑን እንድትገምቱት ልንገራችሁ፤ በ1999ኙ የእኛ ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው 21.6 ሚሊዮን ነበር። ቦጅፑሪ የዚያን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ከ121ዱ ቋንቋዎች መካከል ራሱን ችሎ የሚቆምበት መስመር የለውም። ሕዝቡ መልሱን ሰጥቷል፤ ስሙ የጠፋው ከመልሱ በኋላ ነው።

ማይቲሊ ደግሞ ተቃራኒው ዕጣ ደረሰው። እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ቆጠራ ድረስ ከሂንዲ ጋር ይደመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል በስምንተኛው አባሪ ገባና ከዚያ ወዲህ ለብቻው ይቆጠራል። ቢሃር ውስጥ ያለች አንዲት ገበሬ በ1991 የሂንዲ ተናጋሪ ነበረች፣ በ2001 ቆጠራ የማይቲሊ ተናጋሪ ሆነች፤ የዚያ ቆጠራ የቋንቋ ውጤት የወጣው ከማሻሻያው በኋላ ነውና። እሷ ልጆቿን የምትቆጣበት ቋንቋ አልተለወጠም።

ከዚያም ሰው ራሱ ስሙን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ከነጻነት ማግስት እ.ኤ.አ. በ1951 ቆጠራ፣ ፑንጃብ ውስጥ ፑንጃቢ እየሰሙና እየተናገሩ ያደጉ ብዙ ሂንዱዎች ቋንቋችን ሂንዲ ነው ብለው አስመዘገቡ። ነገሩ ከሃይማኖትና ከክልል ወሰን ጋር ተሳስሮ ነበር፤ የቋንቋ ቁጥር ማለት የመሬት ካርታ ማለት ሆኖ ነበር። ውዝግቡ ከመክረሩ የተነሳ በዚያ አካባቢ ሂንዲን፣ ኡርዱን፣ ፑንጃቢንና ፓሃሪን መለየቱ ቀርቶ አንድ ላይ ተደምረው ታተሙ። ያን ሳነብ የአዲስ አበባው አባወራ ፊቴ ላይ መጡ። ልዩነቱ የእሳቸው መልስ የማንንም ወሰን አለመንካቱ ነው።

እንግሊዝኛም እዚያው ሕንድ ውስጥ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ2011 ቆጠራ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋዬ ነው ያሉት 259,678 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ያሉት 83 ሚሊዮን፣ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው ያሉት ደግሞ 46 ሚሊዮን። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ እንግሊዝኛ ሕንድ ውስጥ የአንዲት መለስተኛ ከተማ ሕዝብ ያህል ተናጋሪ ነበር የሚኖረው። ሁለቱ ተጨማሪ መስመሮች 129 ሚሊዮን ሰው ከጨለማ አወጡ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ አገራችን ስመጣ እፈልገዋለሁ።

በቻይና በፍጥነት ልለፍ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 በማንደሪን ላይ የተመሠረተውን የጋራ ቋንቋ፣ ፑቶንጉዋን፣ የሚችለው ሕዝብ 80.72 በመቶ ደርሷል ብሏል። በ2013 ደግሞ የዚያው አገር ትምህርት ሚኒስቴር 400 ሚሊዮን ሰው በዚህ ቋንቋ መግባባት እንደማይችል፣ ከሚችሉትም ብዙዎቹ አጥርተው እንደማይናገሩት ተናግሮ ነበር። ማንደሪን የምንለው ራሱ ሰፊ ነው፤ የሲቹዋን ገበሬም በዚያ ስም ይቆጠራል፣ የቤይጂንግ ሰው ግን ጨዋታውን ለመከተል ይቸገራል።

ዓረብኛን በጎረቤቴ በኩል ላሳያችሁ። ቤይሩት ቤት ሠራተኛ ሆና አራት ዓመት ቆየች፤ ተመልሳ ትንሽ አርፋ ጅዳ ሄደች። «ዓረብኛ እችላለሁ ብዬ ነው የሄድኩት» ትላለች። ቤይሩት እመቤቲቱ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት «ሹ በዲክ» ነበር። ጅዳ «ኤሽ ትብጊ» ሆነባት። ከቴሌቪዥን ዜና ቋንቋ ቢሆን ደግሞ «ማዛ ቱሪዲን» ነበር የሚባለው። ሦስቱም ዓረብኛ ይባላሉ። በዜናውና በመጽሐፉ ዓረብኛ አፉን የፈታ ሕፃን ግን የትም አገር የለም፤ በትምህርት የሚገኝ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው መምረጥ አለበት። ሁሉንም አንድ ካላቸው ዓረብኛ ከ400 ሚሊዮን ያልፋል። የመጽሐፉን ብቻ ከወሰደ አፍ የፈታበት ዜሮ ነው። የየአገሩን ከለየ ደግሞ የግብፁ ብቻ ትልቅ ቋንቋ ይሆናል። ኢትኖሎግ የሚለይበትን መንገድ ነው የመረጠው፤ ሌሎች ሰንጠረዦች ይደምራሉ። ዓረብኛ በአንዱ ዝርዝር ላይ አምስተኛ ሆኖ በሌላው ቦታው የሚለዋወጠው በዚህ ነው።

ጎረቤቴስ? ሁለት ዓይነት ዓረብኛ በሰው ማድ ቤት፣ በድካምና በናፍቆት ተምራ መጥታለች። እንደ እሷ ያሉ እህቶቻችን እጅግ ብዙ ናቸው። በሊባኖስ መዝገብ የሉም፣ በሳዑዲም የሉም፣ በእኛም የሉም። ይህ እውቀታቸው አንድም ቦታ ተጠይቆ አያውቅም፤ እኔን ከልቤ የሚቆጨኝ ነገር ነው።

ቁጥር በጣም ሲያጣላ ጥያቄውን እስከ መሰረዝ የደረሰ አገርም አለ። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ1947 ባደረገችው ቆጠራ የቋንቋው ውጤት በደችና በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መካከል ጸብ አስነሳ፤ እስኪታተም ድረስ እንኳን ዓመታት ፈጀ። በ1961 በሕግ ጥያቄው ከቆጠራ ወጣ። ዛሬ ያ አገር ስንት ደች ተናጋሪ፣ ስንት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንዳለው ከቆጠራ አይታወቅም፤ ይገመታል። እንዲህ ያለውን መፍትሔ አልወደውም። የሚያጣላ ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ መጥፋት የለበትም።

አሁን ወደ ራሳችን። በ1987ቱ ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው 17.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ያ ቆጠራ ሁለተኛ ቋንቋንም ስለጠየቀ አማርኛን በሁለተኛነት የሚናገሩ 5.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታዩ። በ1999ኙ ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ያለው 21.6 ሚሊዮን ሆነ፤ ኦሮምኛ 24.9 ሚሊዮን፣ ሱማሊኛ 4.6 ሚሊዮን፣ ትግርኛ 4.3 ሚሊዮን። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማናቸውም ቋንቋችን የምትሰሙት ቁጥር ሁሉ፣ በውጭ መዝገብም ይሁን በእኛ መጽሔት፣ የቆየ መልስ በግምት ተባዝቶ ነው።

ኢትኖሎግ የአማርኛን ጠቅላላ ተናጋሪ 60 ሚሊዮን አካባቢ ያደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ ሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪ የሚለው 25 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአምስት ወደ ሃያ አምስት ሚሊዮን ሲዘል በመካከሉ በር አንኳኩቶ የጠየቀ ቆጣሪ የለም። ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሐዋሳም፣ ድሬዳዋም፣ አርባ ምንጭም ገበያ የቆመ ሰው እንዲያውም አነሰ ሊል ይችላል። እኔ ግን የምንመካበትም የምንከራከርበትም ቁጥር ሰው ተጠይቆ የተገኘ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ነገሩ የአማርኛ ብቻም አይደለም። ጅማ ሱቅ ከፍቶ ሃያ ዓመት በኦሮምኛ የነገደ ጉራጌ አለ። ሐረር ውስጥ ሐረሪኛም ኦሮምኛም ሱማሊኛም አማርኛም በአንድ ቀን የሚናገሩ እናቶች አሉ። አፍ መፍቻ ብቻ በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ እነዚህ ሰዎች አንድ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዘው ይቀራሉ፤ የቀረው ሀብታቸው አይታይም። ዛሬ ኦሮምኛን በሁለተኛነት የሚናገረው ስንት ነው ብትሉኝ ከ1987ቱ ቆጠራ ወዲህ ጠይቆ መልስ የሚሰጥ መዝገብ የለም። በሕንድ 129 ሚሊዮን ሰው ያወጡትን ሁለት መስመሮች ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቁጥር ሰው ሲጠቅምም አይቻለሁና ያንንም ልናገር። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይበቃል፣ ዋና ዋና ሰነዶች በቋንቋቸው ሊተረጎሙላቸው ይገባል። አማርኛ ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እዚያ ያሉ እናት የምግብ እርዳታ ማመልከቻ በፊደላቸው ሲያገኙ፣ ከጀርባው የተቆጠሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆነው መረጃ ከሚገኝባቸው ምንጮች አንዱ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው ጥናት ነው። ቅጹ ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ትናገራለህ ወይ ብሎ ይጠይቅና ስሙን ይጻፉ ይላል። እዚያም የምታገኙት አንዲት መስመር ነች። ቤቱ ትግርኛም አማርኛም ቢነገር አንዱ ይቀራል። ቢሮው ከሚያወጣቸው ሰንጠረዦች በአንዱ ደግሞ የእኛ ረድፍ «አማርኛ፣ ሱማሊኛ ወይም ሌሎች አፍሮ-እስያዊ ቋንቋዎች» ይላል። ሚኒሶታ ያለች ሱማሊኛ ተናጋሪና ቨርጂኒያ ያለ አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ድምር ይወጣሉ፤ ለሁለቱ ግን አንድ አስተርጓሚ አይበቃም።

ከጥያቄና መልሱ አንዱን ብቻ ጨምሬ ላብቃ። አንዲት ተማሪ ተነስታ «እንግዲህ የዓለም አንደኛ ቋንቋ የቱ ነው ብለን እንመልስ?» አለችኝ። አፍ ከተፈታበት ማንደሪን፣ በጠቅላላ ተናጋሪ እንግሊዝኛ፣ ሁለቱም በግምት፤ ይህን እስከ መጨረሻው ሳትቆርጪ ተናገሪ አልኳት።

እናንተ መምህራን ደግሞ፣ ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ ከቆጣሪዎቹ መካከል መሆናችሁ አይቀርም። ከዚያ በፊት ሐሳብ ስጡ በተባላችሁበት መድረክ ሁሉ የሁለተኛ ቋንቋ መስመር ቅጹ ላይ ትመለስ ብላችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ ስትደርሱም አባትየውን አክብራችሁ መልሳቸውን ጻፉ። ከዚያ መመሪያው ከፈቀደላችሁ፣ ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወተዋን ልጅ ጠርታችሁ «አንቺስ ምን ምን ትናገሪያለሽ?» በሏት። እኔ ያን ዕለት አልጠየቅኳትም። ዛሬ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ ምናልባትም የራሷ ልጆች ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ።